ከ«በልቻለሁ» ተነሡ፦ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስለማስተማር ጥያቄና መልስ

አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ማታ ከአገር ቤት የመጡ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ልጆቹ የፕረዘንት ፐርፌክትን (የ«ሃቭ ኢትን» ዓይነቱን የግስ ጊዜ) ቀመር በቃላቸው ይወጡታል፤ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስላቸው ግን ይጠፋቸዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህርት፣ ቀመሩን ለጊዜው ከሰሌዳው ያጥፉትና ከአማርኛው ይነሡ። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» አንድ እንዳልሆኑ ልጆቹ ከእናታቸው ጉያ ጀምሮ ያውቃሉ። ሰው ቤት ሄደው ምሳ ሲቀርብላቸው «በልቻለሁ» ይላሉ እንጂ «በላሁ» አይሉም። ቁም ነገሩ የበሉበት ሰዓት ሳይሆን አሁን አለመራባቸው ነዋ! «አይ ሃቭ ኢትን» ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወጥመድ ይቀራል። አማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለትን ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ካለ «ሃዝ ካም» ብሎ ነገር የለም፣ «ኬም» ነው። ሁለተኛውን ብዙ መምህር ልብ አይለውም። አማርኛ ወደ አሉታ ሲዞር ያ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል፤ የ«በላሁ»ም የ«በልቻለሁ»ም አሉታ «አልበላሁም» ነው። ስለዚህ ተማሪው ሁልጊዜ ወደ «ዲድ ኖት» ይሮጣል። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን «ትናንት አልበላሁም»፣ በሌላው «እስካሁን አልበላሁም» ይጻፉ፤ የመጀመሪያው «ዲድ ኖት ኢት»፣ ሁለተኛው «ሃቭ ኖት ኢትን» ነው። አሜሪካኖች በወሬ ላይ ሁለቱን ይቀላቅላሉ፤ ለፈተና ግን ልዩነቱን ይያዙት።

ጥያቄ፦ አማርኛ ግሱን በየመደቡ ያረባል። ታዲያ ተማሪዎቻችን «ሺ ጎዝ» በማለት ፈንታ «ሺ ጎ» የሚሉት ለምንድን ነው? አንዲት «ኤስ» ይህን ያህል ትከብዳለች?

መልስ፦ «ትሄዳለች» ስንል «እሷ» ማለት አያስፈልገንም፤ ባለቤቷ ግሱ ውስጥ አለች። እንግሊዝኛ ግን «ሺ» ብሎ ጨርሷል፤ «ኤስ» የምትጨምረው ትርጉም የለም። ጆሮ ደግሞ ትርጉም የማያመጣውን ያልፈዋል። ይቺ «ኤስ» ዘግይታ የምትመጣ መሆኗ በሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎችም ላይ የታየ ነው። ጽሑፍ ላይ ያርሟት፤ ልጅቷ ስለ እናቷ እያወራች ሳለ ግን አያቋርጧት።

ጥያቄ፦ አዛውንቶች መጦሪያ ነው የምሠራው። ነርሷ ስለ አንዲት እናት «ዲድንት ሺ ኢት?» አለችኝ። አልበሉም ነበርና «የስ» አልኩ። በልተዋል ተብሎ ተጻፈ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያደረግሽው አማርኛ የሚያዘውን ነው። «አልበሉም?» ስንባል «አዎ፣ አልበሉም» እንላለን፤ «አዎ» የሚስማማው ከጠያቂው አነጋገር ጋር ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ግን የሚስማማው ከድርጊቱ ጋር ነው። ከበሉ «የስ»፣ ካልበሉ «ኖ»፤ ጥያቄው በምንም መልክ ይምጣ።

ክፍሌ ውስጥ ባዶ ብርጭቆ ይዤ «ኢዝንት ዘር ዋተር ኢን ኢት?» እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም በአንድ ድምፅ «የስ!» ይላል። ብርጭቆውን እዘቀዝቃለሁ፤ ጠብ የሚል የለም። ደግሜ እጠይቃለሁ። «ኖ» ከአፋቸው ሳያመነቱ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። አንቺ ግን እስከዚያው ምግብና መድኃኒት ባለበት ጉዳይ በ«የስ» ብቻ አትቁሚ፤ «ኖ፣ ሺ ዲድንት ኢት» ብለሽ ጨርሺው።

ጥያቄ፦ «ኦልዞው» ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በት» የሚከቱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ «ምንም እንኳ ድሃ ቢሆን፣ ደስተኛ ግን ነው» ስለምንል። ከሁለቱ አንዱን ይጣሉ።

ጥያቄ፦ የኛ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገርን ከልክሏል። ይደግፉታል?

መልስ፦ አልደግፈውም፤ እንዲያውም ያሳዝነኛል። ፒት ኮርደር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 የተማሪ ስህተት ተማሪው የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ለመምህሩ የሚያሳይ ማስረጃ ነው ብሎ ተከራክሯል። አማርኛውን ካላየን ያንን ማስረጃ በምን እናነበዋለን? ሁለት ደቂቃ በአማርኛ አነጻጽረው ያስረዱ፤ የቀረው ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ልጆቹ እንግሊዝኛ የሚናገሩበት ይሁን። ክፍሉ ውስጥ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ካለ ግን «በእናንተ ቋንቋስ እንዴት ይባላል?» ብለው ይጠይቁ፤ የአማርኛው ንጽጽር ለእነሱ ላይሠራ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሪፖርትድ ስፒች (የሌላን ሰው ንግግር ማድረስ) ሳስተምር «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ካም» ከሚሉት ጋር ታገልኩ።

መልስ፦ እኛ «እመጣለሁ አለኝ» ብለን የሰውየውን ቃል እንዳለ ነው የምናደርሰው፤ እነሱም ያንኑ ነው ያደረጉት። የግስ ሰንጠረዡን ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ልጆች ያስነሡ። አንዷ «አይ ዊል ካም» ብላ ለጓደኛዋ ትንገረው፤ እሱ ለሦስተኛዋ ያድርስ። «አይ» ባለ ቁጥር ሦስተኛዋ ጣቷን ወደ እሱ ትቀስራለች፦ አንተ ነህ የምትመጣው? ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቀሰረበት በኋላ ራሱ «ሺ» ይላል። «ዊል» ወደ «ውድ» የሚዞረው በማግስቱ ይምጣ።