የተቆረጠችው መስመር

የእህቴ ልጅ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ስለላ የማያውቅ የቢሮ ሰው የደኅንነት ተቋምን ምኑን ነው የሚቆጣጠረው?» አለችኝ። ቀልጄ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ምስጢራዊ ሪፖርቶችን ለኃላፊው በአንድ ገጽ አሳጥር ነበር። አንድ ቀን ስለ ንብረት ክፍል ሠራተኛ አራት ገጽ መጣ። ከሥሩ «መረጃው ከአንድ ሰው የተገኘ ነው፤ አልተጣራም» ይላል። ገጼ ሞልቷል። ታይፒስቷ ካርቦኑን እያስተካከለች «ኧረ ጨርስ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ» ትለኛለች። (ፊደሉን ሳታይ ነበር የምትመታው፤ እንደሷ ያለ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።) ያቺን መስመር ተውኳት። ኃላፊው የተጣራ መስሎት ፈረመ። ሰውየው ሰባት ወር ያለ ደመወዝ ታገደ። ጠቋሚው ገንዘብ ተበድሮት አልከፍልም ያለ ጎረቤቱ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

የዛሬ ልጆች አንድ ስክሪንሾት አይታችሁ ሰው ላይ ትፈርዳላችሁ እያልኩ እቆጣለሁ። እኔ ደግሞ ያለ ስክሪንሾት ፈረድኩ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የስለላ መረጃ መዝኖ ለሚኒስትሮች የሚያቀርብ የጋራ ኮሚቴ አላቸው። እነሱም አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 ስለ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ባወጡት ሰነድ ላይ የመረጃው ድክመት በቅጡ ሳይነገር ቀረ፤ ጦርነቱ መጣ፣ የተባለው ክምችት ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2004 ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ባትለር ራሳቸው የካቢኔ ጸሐፊ፣ ማለትም ሰላይ ሳይሆኑ የቢሮ ሰው፣ የነበሩ ናቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሚኒስትሮች ጋር የሠራ፣ ተጽዕኖ የማይበግረው፣ ምናልባትም የመጨረሻ ሥራው ላይ ያለ ሰው ይሁን አሉ። ጡረታ የደረሰ ሰው አይፈራም ብለው ይሆናል። እኔ እንኳ የባሰ የፈራሁት ጡረታዬ ሲቃረብ ነው።

እና ልጄ፣ ያ የቢሮ ሰው ምስጢሩን ከሰላዮቹ በላይ ማወቅ አይጠበቅበትም። «አልተጣራም» የምትለው ቃል ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ እስክትደርስ ማንም እንዳይቆርጣት ይጠብቅ። አለቃው ቢሰለችም፣ ገጹ ቢሞላም።

ሰውየውን ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። አጠገቤ ተቀምጦ «ልጆች ደኅና ናቸው?» አለኝ። ማን እንዳሳጠረው አያውቅም። ደኅና ናቸው አልኩት።