ሰማዩ ላይ የሚወጣው ነጭ ነጠብጣብ

«ጋሼ፣ አባቴ ሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ያመጧት ዞርኪ 4 ካሜራ አለችኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም አስገብቼ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ባለታንኳዎችን ሳነሳ ዋልኩ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ከ36ቱ በ20ዎቹ ላይ፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ፣ ሁለት ነጭ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። የቀሩት ንጹሕ ናቸው። በ1/1000 ሰከንድ ፍጥነት ያነሳኋቸው ደግሞ አንድ ጎናቸው ጨልሟል። ያጠበልኝ ሰው ፊልሙ ጊዜው ያለፈበት ነው አለኝ። ካሜራዋ ትድናለች ወይስ ልተዋት?»

ትድናለች፣ ወንድሜ። እንዳትተዋት። ፊልሙም ጥፋት የለበትም። ፊልም ሲያረጅ ሙሉ ገጹ ይደበዝዛል፣ ሥዕሉም ይሻክራል እንጂ ሁለት ነጥብ መርጦ ሃያ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። አቧራ ቢሆን ኖሮም ነጥቡ ከፎቶ ፎቶ ቦታውን ይለዋውጥ ነበር።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን አስቀምጥና ነጌቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም ራሱን፣ ይዘህ ወደ መስኮት ሂድ። ነጥቦቹ እዚያ ላይ ጥቁር ከሆኑ፣ መግባት የሌለበት ብርሃን ገብቷል ማለት ነው። ጥቁረቱ በፊልሙ ዳርና ዳር ወዳሉት ቀዳዳዎች ከተሻገረ ብርሃኑ የሚገባው በጀርባ ክዳኑ በኩል ነው። በሥዕሉ ክልል ውስጥ ብቻ ከቀረ ግን የሹተሩ መጋረጃ ተበስቷል፤ ሹተር ማለት ከፊልሙ ፊት ሆነው ብርሃን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት መጋረጃዎች ናቸው። ከገለጻህ ስነሳ ያንተ ሁለተኛው ይመስለኛል። ንጹሕ የወጡትም ይህንኑ ይናገራሉ፤ ፈጥነህ ያነሳሃቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለታንኳው እስኪቀርብ የሌንሱን ክዳን አንስተህ በጠበቅህ ቁጥር፣ ብርሃኑ በቀዳዳው እየሾለከ ፊልሙን ሲመታ ቆይቷል።

የበሳው ማን ነው ብትለኝ፣ ፀሐይ ነው እልሃለሁ። የዞርኪ መጋረጃ ጎማ የተቀባ ጨርቅ ነው። በልጅነታችን በማጉያ መነጽር ፀሐይን ሰብስበን ወረቀት እንዳቃጠልነው ሁሉ፣ ሌንሱም ፀሐይን ጨርቁ ላይ ይሰበስባል። እንደ ዜኒት ባሉ ካሜራዎች በሌንሱና በመጋረጃው መካከል ያለው መስታወት ጨርቁን ይከልልለታል። ዞርኪና መሰሏ ፌድ ይህ ከለላ የላቸውም። እኔም አንድ ጊዜ በጀልባ ወደ ዘጌ ስሻገር ካሜራዬን ያለ ክዳን፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ያንተው ዓይነት ነጥብ ይዘው ወጡ። ለዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ስለነበር ጸጸቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

አሁን ቀዳዳውን እንፈልገው። ፊልሙን ካወጣህ በኋላ ከታች ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች አዙረህ የጀርባውን ክዳን ሙሉ በሙሉ አውጣው፣ ሌንሱንም ፍታው። ማታ መብራት አጥፋና ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ታገሥ። ካሜራዋን ወጥር፣ ማለትም ፊልም የሚያስኬደውን ቁልፍ እስኪያቆም አዙር፣ የስልክህን መብራት በሌንሱ በኩል አብራ፣ ከጀርባ ተመልከት። ሌንስ ሥዕልን ስለሚገለብጥ፣ በፎቶው ላይ ከላይ በቀኝ ያየኸው ነጥብ ከጀርባ ስታይ ከታች በግራ ይገኛል። እንደ ኮከብ ብልጭ ካለ አገኘኸው። ከዚያ ሹተሩን ልቀቅና እንደገና እይ፤ ስትወጥር የምታየው አንደኛው መጋረጃ ሲሆን ስትለቅ የምታየው ሁለተኛው ነው። ወጥረህ የምትጠብቅ ሰው ከሆንክ አንደኛው ላይ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ።

ቀዳዳው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ ሲደርቅ የሚለጠጥ ጥቁር የጨርቅ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነክተህ፣ በጣም ስስ አድርገህ ቀባው። ሲደርቅ ድገመው። የጥፍር ቀለም አደራህን አትጠቀም፤ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ጨርቁንም ይዞ ይቀደዳል። አንደኛውን መጋረጃ ከቀባህ ካሜራዋ እንደተወጠረች ትደር፤ ብትለቃት እርጥቡ ቀለም ተጠቅልሎ ይጣበቃል። ጨርቁ እንደ ደረቀ ቆዳ ከተሰነጣጠቀ ግን ቀለም አያድነውም። መጋረጃው መቀየር አለበት፣ እሱም የባለሙያ ሥራ ነው።

የጨለመው ጎን ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል አይሮጡም፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ቅባት ነው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አታንጠባጥብባት። እስክትጸዳ ድረስ በ1/125 ሥራ፤ 100 አይኤስኦ (የፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) ፊልም ይዘህ በጠራ ፀሐይ ዲያፍራሙን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን መግቢያ የሚያጠብና የሚያሰፋውን ቀለበት፣ 16 ላይ ብታደርገው ይበቃሃል። ፍጥነቱን ስትቀይር ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወጥር። ሳይወጠር ማዞር የዞርኪን ጥርሶች ያበላሻል።

ከእንግዲህ ታንኳ ላይ ስትሆን ክዳኑ ሌንሱ ላይ ይሁን፤ ክዳን ከጠፋብህ ዲያፍራሙን ዝጋ፣ ትኩረቱንም ወደ ቅርብ አምጣው። በክረምት ደግሞ ከቆዳ ቦርሳዋ አውጣት። የጣና እርጥበት ቆዳ ውስጥ ያድራል፣ ሌንሱም ሻጋታ ያበቅላል። በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጥቂት ጨምረህ አስቀምጣት።

ቀለሙ ሲደርቅ አዲስ ፊልም አስገባና ሁለት ፎቶ ለፈተና መድብ። ለአንደኛው ወጥረህ፣ ክዳኑን አንስተህ፣ ሌንሱን ወደ ሰማይ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርገህ አንድ ደቂቃ ያዝ። ከዚያ ክዳኑን መልሰህ ተኩስ። ለሁለተኛው ክዳኑን ሳታነሳ ወጥረህ ተኩስ፤ ሳትወጥር ክዳኑን አንስተህ አንድ ደቂቃ ወደ ሰማይ ያዝ፣ ከዚያ ክደነው። ሲታጠብ ሁለቱም ነጌቲቮች ምንም ጥቁር ነጥብ ሳይኖርባቸው ከወጡ ቀዳዳው ተደፍኗል። ነጥብ ካለ በየትኛው እንዳለ ጻፍልኝ፤ የትኛው መጋረጃ እንደሆነ ከዚያ እናውቃለን።