በረኪናውን መልሺው!

የአሮጌ ዕቃ ዓምድ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። ልጆቻቸው ቤዝመንቱን ሲያጸዱ አንድ ካርቶን አሮጌ አሻንጉሊት «ለልጅሽ ውሰጂለት» ብለው ሰጡኝ። አብዛኛው እጅ ወይም እግር የለውም። አንዱ ግን ከራሱ እስከ እግሩ የሚያብለጨልጭ፣ አጽም የመሰለ ሮቦት ነው። በደቃቅ ፊደል 1984 የሚል ተጽፎበታል። ልጄ በስልኩ ፈልጎ «ማሚ፣ ይሄ ብሬኒያክ ነው፤ ሺህ ዶላር ያወጣል» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሃያ ዶላር የሚሰጥሽ ካገኘሽ ሳታመነቺ ሽጪው ይላል። ማንን ልመን? ለሰው ከማሳየቴ በፊትስ በበረኪና ለቅለቅ ባደርገው ምን ይመስልዎታል?
(ሰ.፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በረኪናውን ወደ ቦታው መልሺው። የቀረው ሁሉ ይደርሳል።

ያ የሚያብለጨልጨው ነገር ብረት እንዳይመስልሽ። ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ አሉሚኒየም አትንኖ በጣም ስስ ሽፋን አልብሶታል፤ ክሮም የምንለው ይሄን ሽፋን ነው። የሞዴል መኪና የሚገጣጥሙ ሰዎች ክሮሙን ማስለቀቅ ሲፈልጉ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ? በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ሽፋኑ ለቆ ፕላስቲኩ እርቃኑን ይቀራል። አልኮል፣ የመስታወት ማጽጃና የብረት መወልወያም እንዲሁ ጠላቶቹ ናቸው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፊለት፤ ከዚያ መነጽር በሚጠረግበት ደረቅ ጨርቅ ሳትጫኚ ዳሰስ አድርጊው። ያልለቀቀ እድፍ ካለ ተዪው። የገዢ ዓይን ከእድፍ ይልቅ የተላጠ ቦታ ነው የሚፈልገው።

ልጅሽ ስሙን አልሳተም። ብሬኒያክ በኮሚክ መጽሐፍ የሱፐርማን ጠላት ነው፤ ከ1958 ጀምሮ። ያኔ አረንጓዴ ቆዳ ያለው፣ ሰው መሳይ ነበር። በ1983 ኤድ ሃኒጋን የሚባል ሠዓሊ በአንድ የኮሚክ እትም መልኩን ለውጦ ይሄን የብረት አጽም አደረገው። በዚያው እትም ሌላው የሱፐርማን ጠላት ሌክስ ሉተርም በሠዓሊው በጆርጅ ፔሬዝ እጅ አዲስ የጦር ልብስ ለበሰ። በዓመቱ የሲንሲናቲ፣ ኦሃዮው አሻንጉሊት ሠሪ ኬነር «ሱፐር ፓወርስ» የተባለውን ስብስብ ሲያወጣ ሁለቱንም በአዲሱ መልካቸው ሠራቸው። ስብስቡ ከ1984 እስከ 1986 ነው የዘለቀው። የመጀመሪያው ዓመት 12 ገጸ ባሕርያት ነበሩት፤ ክፉዎቹ አራት ናቸው፦ ሉተር፣ ጆከር፣ ፔንግዊንና ያንቺው ሰውዬ።

በነገራችን ላይ፣ ያ 1984 የሚለው ቁጥር የባለመብትነት ዓመት ነው። አሻንጉሊቱ በ1985 ከመደብር ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የምሸጥበት ጠረጴዛ ጋ መጥቶ ቁጥሩን እያሳየ ሲከራከረኝ ይውላል። ዋጋውን ግን እምብዛም አይለውጠውም።

አሁን እንመርምረው። የጣሪያ መብራት ይዋሻልና ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ያዢው። እጅሽን ታጠቢና አድርቂ፤ ክሮም የጣት ላብና ቅባት አይወድም። ቀስ ብለሽ አዙሪው። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ጉልበቱንና ዳሌው የሚታጠፍበትን እዪ። ልጆች የሚጨብጡት፣ መጋጠሚያው የሚፋተገው እዚያ ነው። ክሮም ሲሞት አንድ ጊዜ አይሞትም፤ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙ ይላጣል። ቀጥሎ ጭንቅላቱን ከኋላ በኩል ተመልከቺ፤ የማር እንጀራ የመሰለ ቅርጽ አለው። የጉድጓዶቹ አፍ ስለታም ሆኖ ከታየሽ ጥሩ ነው። ተድፈንፍኖ ከሆነ ተጠራጠሪ፤ አንድ ሰው በላዩ ቀለም ነፍቶበታል።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ የተነፋ ብርማ ቀለም አዲስ የተቀባ የግቢ በር ነው የሚመስለው፤ ያበራል ግን ምስል አይመልስም። የኬነር ክሮም ላይ የመስኮትሽ ፍሬም መስመሩ ለይቶ ይታያል። ደረቱ ላይ መስኮቱን ፈልጊ። ካገኘሽው ግማሽ ፈተናውን አልፏል። ሌላው ግማሽ መጋጠሚያው ነው፦ አርባ ዓመት ያለፈው አሻንጉሊት ዳሌው ላይ ምንም የመፋተግ ምልክት ከሌለው ወይ ከመደብር ወጥቶ አልተነካም፣ ወይ በቅርቡ እንደገና ክሮም ተለብጧል። ከቤዝመንት ካርቶን የወጣ ነገር አልተነካም ብሎ ማመን ይከብደኛል።

እንቅስቃሴውንም ሞክሪ። ሁለቱን ክንዶቹን ወደ ውስጥ ቀስ ብለሽ ስትጨምቂያቸው እግሩ መራገጥ አለበት። አንዴ ይበቃል። ከራገጠ በቪዲዮ ቅጂው፤ ገዢ ሲጠይቅሽ እንደገና ከመጭመቅ ያድንሻል። ካልራገጠ አታስገድጂው፤ «አይሠራም» ብለሽ ጻፊና እለፊ።

ዕድለኛ የሆንሽበት አንድ ነገር አለ። ጆከር ያለ መዶሻው፣ ፔንግዊን ያለ ጃንጥላው ጎደሎ ናቸው። ብሬኒያክ ግን በእጁ የሚይዘው ዕቃ ኖሮት አያውቅም፤ እንዲሁ ቆሞ ሙሉ ነው። ከእሽጉ ጋር የነበረው ትንሽ የኮሚክ መጽሐፍ ብቻ ነው። ልጆች ቶሎ የሚቀዷት እሷን ስለሆነ ካርቶኑን እስከ ታች ፈትሺው።

ካርቶኑን ካነሳሽ አይቀር፣ እጅ እግር የላቸውም ያልሻቸውንም ለይተሽ አስቀምጪ። ሰብሳቢዎች ለጥገና ይገዟቸዋል። ግራጫ ፊት ያለው ግዙፍ ካለ ከዚሁ ስብስብ ክፉዎች አንዱ፣ ዳርክሳይድ ሊሆን ይችላል፣ የ1985ቱ። ከጭንቅላቱ ጀርባ የስልክሽን መብራት አብሪበት፤ ዓይኖቹ ቀልተው ካበሩ እሱ ነው። ፈጣሪው፣ የኮሚክ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሠራቸው ገጸ ባሕርያት ሲከፈለው የነበረው ትንሽ ነበር። ለዚህ ስብስብ ሥዕሎቹን እንደገና እንዲሠራ ተደርጎ ግን ከሽያጩ ድርሻ አግኝቷል። ለዚህ ስል ዳርክሳይድን ስሸጥ ትንሽ ደስ ይለኛል። ግማሽ አካሉ ክሮም የሆነ ጥቁር ሰው ካገኘሽ ደግሞ ሳይቦርግ ነው፣ የ1986ቱ። እሱ ጀግና ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ገበያው ላይ ግን ከክፉዎቹ ብዙዎቹን ያስከነዳል። እሱን ካገኘሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ወደ ዋጋው። ልጅሽ ያየው ሻጭ የጠየቀውን ነው፤ መጠየቅ ደግሞ በነፃ ነው። ኢቤይ ላይ «ሶልድ አይተምስ» የምትለዋን ምልክት አድርጉና ያለፉት 90 ቀናት ውስጥ በእውነት የተሸጠውን እዩ። ያንቺን ያህል ክሮም ያለውን ብቻ አወዳድሪ። ከእሽጉ የወጣ ብሬኒያክ በአስሮች የሚቆጠር ዶላር ነው የሚያወጣው። ሽፋኑ ሙሉ ከሆነ ከፍ ይላል፤ ጉልበቱና ትከሻው ከተላጠ የባለቤትሽ ወንድም ያለው ላይ ይወርዳል። ኢቤይ ራሱ ከአሥር በመቶ በላይ እንደሚቆርጥ፣ ማሸጊያና ፖስታም እንዳለ አትርሺ። ለእንዲህ ዓይነቱ የዕቃውን ይዞታ መርምሮ ደረጃ ለሚሰጥ ድርጅት ልኮ ማስመዘን አያዋጣም፤ ክፍያው ዕቃውን ይበላዋል። ያ የሚያዋጣው ከመደብር እንደወጣ በካርቶን ካርዱ ላይ እንደታሸገ ከተገኘ ነው። ያኔ የካርዱን ጀርባ ገልብጦ የገጸ ባሕርያቱን ሥዕሎች መቁጠር ይመጣል፦ 12 ከሆኑ የመጀመሪያው ዓመት፣ 23 የሁለተኛው፣ 33 የመጨረሻው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። በእንክብካቤ ሥራ ላይ ከደንበኛ ቤት ስጦታ መቀበልን ብዙ ኤጀንሲዎች ይከለክላሉ። ዕቃው የሃምሳ ዶላር ቢሆንም ሥራሽን የሚያሳጣ ዋጋ አይደለም። ልጆቻቸው መስጠታቸውን በአጭር የስልክ መልእክት እንዲጽፉልሽ አድርጊ፤ ለአለቃሽም ንገሪ። ከዚያ በኋላ በሰላም ሽጪው፣ ወይም ለልጅሽ ተዪለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ዳላስ ነው ያለሁት። ወይን ጠጅ ሱፍ የለበሰ ጆከር በአምስት ዶላር ገዛሁ። መዶሻው ስለሌለው ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው «ኦሪጅናል መዶሻ» በ30 ዶላር ሊሸጥልኝ ነው። ደረቱ ላይ ያለው አበባ መሐል ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ተሰብሮ ይሆን? ልግዛ?
(ዮ.)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። አበባው አልተሰበረም። ቀዳዳዋ ውኃ የምትረጭበት ናት። ያንተ ጆከር የኬነር ሳይሆን ቶይ ቢዝ የሚባለው ድርጅት በ1989፣ የባትማን ፊልም በወጣበት ዓመት የሠራው ነው። የመዶሻው ጆከር የኬነሩ ነው፤ እግሮቹ ሲጨመቁ ክንዱ መዶሻውን ይሰነዝራል። ያንተው ከመዶሻው ጋር ዝምድና የለውም።

ሌላ ጊዜ የኬነሩን አግኝተህ መዶሻ ስትፈልግ፣ ሻጩ ከማስመሪያ ጎን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ከኦሪጅናሉ ቅርጽ ተወስዶ የተሠራ ቅጂ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያንሳል፣ ጠርዙም ይዶለዱማል። ቅጂ መግዛት ነውር የለውም፤ ስትሸጠው «መዶሻው ቅጂ ነው» ብለህ ጻፍበት።