ሕመሙን ባለቤቱን ጠይቁት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ሪከቨሪ ክፍል (ታካሚ ከኦፕራሲዮን ወጥቶ የሚነቃበት) እና የቀዶ ሕክምና ዋርድ ለምትገቡት ነው። ለነርሶች፣ ለማደንዘዣ ተማሪዎች፣ ለኢንተርኖች። እኔ በማደንዘዣ ሙያ ነው ያረጀሁት። ዛሬ የምነግራችሁ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣው ሕመም ነው፤ በተለይ ሴቶችና ወንዶች ስለሚያስፈልጋቸው ማስታገሻ።

ዋርድ ስትገቡ ሁለት አባባሎች ትሰማላችሁ። አንዱ «ሴት ልጅ ቻይ ናት» ይላል። ሌላው «ሴቶች ያካብዳሉ» ይላል። ሁለቱንም ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ተረኛ ሌሊት ሰምቻለሁ። ውጤታቸው ግን ያው ነው፤ ሴትየዋ መድኃኒቷን ሳታገኝ ታድራለች። ቻይ ከሆነች አያስፈልጋትም፣ ካካበደች ደግሞ አይገባትም ይባላል። ወንዱም የራሱ አለው፤ «ወንድ ልጅ አይጮህም»። እሱም ጥርሱን ነክሶ ያነጋል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የልብ ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ለወንዶቹ የሕመም ማስታገሻ ደጋግሞ ተሰጥቷል። ለሴቶቹ ደግሞ ደጋግሞ የተሰጠው ማረጋጊያ ነው። አመመኝ ላለች ሴት «ተረጋጊ» ብሎ መልስ መስጠት ማለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ልዩነቱ ታዲያ በእርግጥ አለ ወይ? አለ። በ2003 የታተመ ጥናት 423 ሴቶችንና 277 ወንዶችን ከኦፕራሲዮን በኋላ ተከታተለ። ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል እፎይ እንዲሉ ሞርፊን ከሚባለው ኃይለኛ ማስታገሻ 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ አስፈለጋቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ4,300 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ወጣ። በዚህኛው ልዩነቱ ወደ 11 በመቶ ወረደ፤ በጣም በሸመገሉት ላይ ደግሞ ጨርሶ አልታየም። ታካሚው ራሱ ቁልፍ እየተጫነ ሞርፊን በሚወስድበት ፓምፕ በተሠሩ አንዳንድ ጥናቶች ግን ብዙ የወሰዱት ወንዶቹ ናቸው።

እንግዲህ «ሴት ስለሆነች 30 በመቶ ጨምሩላት» የሚል ትእዛዝ ከዚህ አይወጣም። አማካይ ቁጥር አልጋ ላይ አይተኛም። የሚተኛው አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ የሚጠቅማችሁ አንዲት ሴት «የተሰጠኝ አልበቃኝም» ስትላችሁ እንድታምኗት ነው። ትንሽ ጨምሩ፣ ትንፋሿን እዩ፣ ቆይታችሁ እንደገና ጠይቋት።

ሰውነቱም የየራሱ መንገድ አለው። በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመንጋጋ ጥርስ የተነቀለላቸው ሰዎች እንደ ናልቡፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ተሰጥቷቸው ነበር። ሴቶቹ ከወንዶቹ የተሻለና የቆየ እፎይታ አገኙ። ስለዚህ ጉዳይ ዕውቀቱ ዘግይቶ የመጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ከ1977 እስከ 1993 መውለድ የሚችሉ ሴቶች በአዲስ መድኃኒት የመጀመሪያ ሙከራዎች ላይ እንዳይገቡ የሚያደርግ መመሪያ ነበራት። ስንቱ መድኃኒት መጠኑ በወንድ አካል ተለክቶ እንደመጣ አስቡት።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው ነገር ላውራ፤ ማቅለሽለሽ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ማን እንደሚያስታውከው የምንገምተው በአራት ነጥብ ነው። ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት ማስታወክ ወይም መኪና ሲሳፈሩ መታመም፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት መውሰድ። የእኛን አገር እናት አስቧት። ሴት ናት፣ አታጨስም፣ የሞርፊኑ መርፌ ሊሰጣት ነው። ሦስት ነጥብ ያዘች፤ የማስታወክ ዕድሏ 60 በመቶ ገደማ ደረሰ። የተሰፋ ሆድ ይዞ ማስታወክ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አንዴ የቀመሰችው ሴት በሁለተኛው «መርፌው ይቅርብኝ» ትላለች። እናንተም ሕመሙ ቀለላት ብላችሁ ታልፋላችሁ። ለዚህ ነው የማስታወክ መከላከያዎቹን፣ ዴክሳሜታዞኑንም ሆነ ኦንዳንሴትሮኑን፣ ቀድማችሁ አስቡ የምለው። ካልተገኘ ፕላሲል አለ።

ትራማዶል ስለሚባለው ማስታገሻ ለብቻው ልንገራችሁ፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ትራማዶልና ኮዴይን የሚባለው ሌላ ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ተለውጠው ነው ኃይለኛ የሚሆኑት። በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የወጣ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ይለውጠዋል፤ የተለመደው መጠን ሊበዛበት ይችላል። የሚያጠባ እናት ከሆነች ደግሞ በጡቷ ወደ ልጇ ይሄዳል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱንም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ትራማዶል ከመጻፋችሁ በፊት ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ በሰዓታቸው ተሰጥተዋል ወይ ብላችሁ ቻርቷን እዩ። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ከተሰጣት፣ ልጁ እንቅልፍ አብዝቶ መጥባት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ወዲያው እንድትጠራችሁ ንገሯት።

ለወለደችው እናት ሌላም ነገር አለ። የጀርባው ማደንዘዣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል። እስኪለቅ አትጠብቁ፤ ማስታገሻው ቀድሞ ይግባ። ሳትነቃነቅ ተኝታ «ደህና ነኝ» ካለች አትመኑ። ልጇን ለማጥባት ስትዞር፣ ስትስል፣ ከአልጋ ስትወርድ ጠይቋት።

አጠያየቃችሁም ወሳኝ ነው። «እንዴት አደሩ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሰላምታ ተለዋወጣችሁ እንጂ ሕመሙን አልጠየቃችሁም። «የት ጋ ነው የሚያምዎት? ሌሊት ቀሰቀሰዎት? ሲያስሉስ? ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» በሉ። ወንዱን ጠያቂ ከቦት እያለ አትጠይቁት፤ ወንድሞቹና ልጆቹ ፊት አመመኝ አይልም። ሰው ሲወጣ ተመለሱና አጠገቡ ተቀመጡ። የነገራችሁን ቁጥር ቻርቱ ላይ ጻፉ፤ ከመድኃኒቱ በፊትም፣ በኋላም። ተረኛው ሲረክባችሁ ሰባት የነበረው አራት መውረዱን፣ ወይም ጭራሽ አለመውረዱን፣ እዚያው አይቶ ይቀጥላል።