ካሜራ ወይስ ማይክ?

«ለአጭር ፊልም ያጠራቀምኳት ብር አለች፣ ካሜራ ልቀይርባት ወይስ ማይክ ልግዛባት?» ላልከው ወንድሜ፣ ማይክ ግዛ። እኔ የተማርኩት በተቃራኒው አድርጌ ነው።

ደሴ ውስጥ የመጀመሪያ ፊልማችንን ስንሰራ ብሩን ሙልጭ አድርገን ካሜራና ሌንስ ላይ ጨረስነው። ድምፁን እዚያው ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ቀዳን። ዋናው ትዕይንት እናትየው ቡና እየቆላች ለልጇ ምስጢር የምትነግርበት ነው። ምስሉ ያምራል፤ ጭሱ በመስኮቱ ብርሃን ሲያልፍ ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ካሜራው ሦስት ሜትር ርቆ ስለነበር ከእሷ ድምፅ ይልቅ ጎልቶ የገባው የፍሪጁ ማጉረምረም፣ የባጃጅ ክላክስና ቆርቆሮው ላይ የጀመረው ካፊያ ነው። አምባሰልን በዋሽንት ደርበን ልንሸፍነው ሞከርን። ባሰበት። አዳራሽ ስናሳየው ልክ ምስጢሩ ጋ ስንደርስ አንዱ ከኋላ «ድምፅ! ድምፅ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የራሱን ወሬ ያዘ።

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ሜዳ ላይ ከተናጋሪው የራቅክበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የግድግዳው ማስተጋባት እምብዛም ስለማይቀንስ ንግግሩን ይውጠዋል። ስለዚህ ርካሽ ማይክ አፍ አጠገብ ካለ፣ ሩቅ ካለ ውድ ማይክ ይሻላል። ብሩ ካልበቃህ ስልክህን መቅጃ አድርገህ ተዋናዩ ደረት ኪስ ውስጥ ክተተው። ካሜራው እያየ አንዴ አጨብጭብ፣ ኤዲት ስታደርግ ምስሉንና ድምፁን በሷ ታገጥማለህ። ነጠላ ለለበሰች ሴት ማይክ ስታስር ግን በሄድፎን ሳታዳምጥ እንዳትቀርፅ። ሁለተኛው ፊልማችን ላይ ነጠላው ማይኩን ሲያሸው ኮሽ ኮሽ እያለ ግማሽ ቀን አቃጥሎብናል።

ሌላው፣ ከቦታው ሳትወጣ ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ ባዶውን ክፍል ቅዳ። ንግግር ስትቆራርጥ ክፍተቱን የምትሞላው በሷ ነው፣ አለዚያ ድምፁ ብልጭ ድርግም ይልብሃል። የባቲን የሰኞ ገበያም ጫጫታውን ለብቻ ቀድተን ነው ከንግግሩ ስር ያስገባነው። ቡናውንም እንደዚሁ ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ማይኩን ምጣዱ አጠገብ አድርገን እንደገና ቆላን። ፍሬው ሲንጣጣ ያለውን ድምፅ ብትሰማው ሽታው ራሱ የሚመጣ ይመስልሃል።

ሌንሱ እስካሁን አለ። የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።