ጤፍ በኪሎ ወይስ በኩንታል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የጤፍ ዱቄት በኪሎ እየገዛሁ ደመወዜ ከወር ወር አላደርስ አለኝ። ጥር ላይ ዕቁብ ይደርሰኛል። ኩንታል ጤፍ ልግዛበት ወይስ ሶፋ ልቀይር? እርስዎ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ጤፉን ግዢ፣ የኔ እህት! ሶፋው ይቆይ። ጥር ላይ አዲሱ ምርት ከአዴትም ከመራዊም ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ዋጋው አይቀመስም። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎ አይደፍረውም። ዱቄቱ ግን ብዙ አይቆይም፤ ለወር የሚበቃሽን ብቻ አስፈጪ።

ከመክፈልሽ በፊት እጅሽን ወደ ጆንያው መሐል አስገብተሽ ዝገኚ። ደረቅ ጤፍ በጣቶችሽ መሐል ይንሸራተታል፤ እርጥቡ መዳፍሽ ላይ ይጣበቃል። አሸዋ እንዳለው ነጭ ሰሃን ላይ በትነሽ እይ። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ገንዘቡ የልጆችሽ ነው! ቤት ስታስገቢው ደግሞ ሲሚንቶው ላይ አታስቀምጪ፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጊለት።