የኮብልስቶን መዋጮ ያልከፈለ ሰው ግንባታ ፈቃድ ይከለከላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ለመጨመር ግንባታ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ባለሙያው ፋይሌን አገላብጦ «መጀመሪያ የኮብልስቶን መዋጮ የከፈሉበትን ደረሰኝ ያምጡ፤ አጥርዎንም ለመንገዱ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ያስገቡ» አለኝ። የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ለመክፈል ግን አልተስማማሁም። «ይህንኑ በወረቀት ይስጡኝ» ስለው «ውሳኔ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ ሸኘኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈቃዱ፣ መዋጮውና አጥሩ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንድ ላይ ስለታሰሩብዎት ነው የከበዱት።

ከወረቀቱ እንጀምር። በቃል የተነገረዎትን ይዘው የትም አቤት ማለት አይችሉም። ነገ ባለሙያው «እንደዚያ አላልኩም» ቢል ምን ይመልሳሉ? የጠየቁትንና የተባሉትን በአጭሩ ይጻፉ። ሁለት ኮፒ አድርገው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ የሚቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያስደርጉ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር ተቋማትንም ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ መሰጠት አለበት። «ሁሉም ያውቀዋል» ምክንያት አይደለም።

ወደ መዋጮው ስንመጣ፣ መንግሥት ግብርም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ የሚያስከፍለው በሕግ ነው። የሰፈር መዋጮ ግን መሠረቱ ስምምነት ነው። «መመሪያ አለ» ካሉዎት ቁጥሩን ይጠይቁ። በዚሁ አዋጅ መሠረት መመሪያ መመዝገብና ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ አይሠራብዎትም። አንዳንዶች «ነዳጅ ስንቀዳ ለመንገድ ፈንድ እየከፈልን ደግሞ መዋጮ?» ይላሉ። ይህ ክርክር አያዋጣዎትም። ያ ገንዘብ በዋናነት ለመንገድ ጥገና የሚውል ነው፤ የሰፈርዎን አዲስ ንጣፍ የሚሸፍን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ። ስብሰባው ላይ ፈርመዋል? ብዙ ሰው ወረቀቱ ሲዞር ስሙንና የቤት ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል፣ «የተገኘሁበት ነው» ብሎ። በኋላ ያው ወረቀት «ለመክፈል የተስማሙ ነዋሪዎች» የሚል ርዕስ ካለው ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ይገኛል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ፋይል ገጥሞኛል፤ ርዕሱ በሌላ ቀለም ነበር የተጻፈው። ስለዚህ የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ይጠይቁ። በእርግጥ ተስማምተው ከሆነም ኮሚቴው ገንዘቡን በሌላ መንገድ ይጠይቅዎት። የግንባታ ፈቃድ መስኮት የዕዳ መሰብሰቢያ አይደለም።

ከሦስቱ ጠንካራው የአጥሩ ጉዳይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ሊሸነፉም ይችላሉ። የይዞታ ካርታዎን ያውጡ። የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት ተጽፏል። ቀያሽ ይዘው አጥሩ ያረፈበትን መስመር ያስለኩ። በብዙ ግቢ አጥሩ ከካርታው አልፎ ወጥቶ ይገኛል፤ አባት ያጠሩትን ልጅ እንደ ድንበር ይቆጥረዋል። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ ቦታው የመንገዱ ነው፤ ያለ ብዙ ንትርክ ያስገቡ።

አጥሩ ካርታው ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተጠየቁት ይዞታ እንዲለቁ ነው፣ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በገበያ ዋጋ አይተመንም። አጥሩ፣ በሩና የተከሉት ዛፍ ግን ንብረትዎ ናቸው። የይዞታ ማስለቀቁና የካሳው ዝርዝር በኋላ በተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይገኛል። ፈቃድ ሊጠይቁ የሄዱበት ባለሙያ በቃል «ያስገቡ» ማለቱ ይህንን ሥርዓት አይተካም። «በፈቃዴ ያለ ካሳ ለቅቄያለሁ» የሚል ቅጽ ከሰጡዎት ቤት ወስደው ያንብቡት፤ እዚያው ቆመው አይፈርሙ።

በጽሑፍ የተሰጠዎት መልስ ካላረካዎት መጀመሪያ እዚያው ተቋም ውስጥ ላለው ቅሬታ ሰሚ ያቅርቡ። ይህን ሳይጨርሱ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ በ1183 መሠረት የአስተዳደር ውሳኔን የሚከልሰው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ መሠረት እንዳይቆፍሩ። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ግንባታ ያስቆማል፣ ያስፈርሳል፤ የያዙትን ጥሩ ክርክርም ያበላሽብዎታል።

የልቀቁ ትዕዛዝ በጽሑፍ ከመጣ ደግሞ የደረሰዎትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ። አቤቱታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።